የካሜሮን ውርስ፡- ጥፋቱ ሕዝቡን መጠየቃቸው ነው ወይስ አጠያየቃቸው?

የቀድሞው የብሪታኒያ ጠቅላይ ሚኒስትር ዴቪድ ካሜሮን ስማቸው በተነሳ ቁጥር ክርክር አብሮ ይነሳል። አንደኛው ወገን የፓርቲያቸውን የውስጥ ጠብ ለማብረድ ሲሉ አገር ያስያዙ ቁማርተኛ ናቸው ይላል። ሌላው ወገን ደግሞ ፖለቲከኞች አርባ ዓመት ሙሉ ሲሸሹት የኖሩትን ጥያቄ ለባለቤቱ ለሕዝቡ ያቀረቡ ደፋር ሰው ናቸው ባይ ነው። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 13 ቀን 2023 ጠቅላይ ሚኒስትር ሪሺ ሱናክ ካሜሮንን ከቤታቸው ጠርተው የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር አድርገው ሲሾሟቸው፣ የምክር ቤት አባል ስላልነበሩም የሎርድነት ማዕረግ ተሰጥቷቸው በላይኛው ምክር ቤት ሲቀመጡ፣ ይኸው ክርክር እንደ አዲስ ተቀሰቀሰ። በጁላይ 2024 ፓርቲያቸው በምርጫ ሲሸነፍ ሹመቱ አበቃ። ክርክሩ ግን አላበቃም።

እኔን የሚገርመኝ ሁለቱም ወገኖች የሚሟገቱት በአንድ ነጥብ ላይ ብቻ መሆኑ ነው፤ ሕዝቡን መጠየቅ ነበረባቸው ወይስ አልነበረባቸውም? ሕግ ለተማረ ሰው ግን ዋናው ነገር ያለው ከዚያ ወረድ ብሎ ነው። ጥያቄው የቀረበው በምን ዓይነት አዋጅ ነው? መልሱ “እንውጣ” ቢሆን ማን ምን ያደርጋል ተብሎ ነበር? የካሜሮን ዕዳ የተመዘገበው እዚህ ላይ ነው የሚል እምነት አለኝ።

ወደ ኋላ መለስ ብለን እንጀምር። ብሪታኒያ በወቅቱ የአውሮፓ ኢኮኖሚ ማኅበረሰብ ይባል የነበረውን ማኅበር የተቀላቀለችው በወግ አጥባቂው ጠቅላይ ሚኒስትር በኤድዋርድ ሂዝ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 1 ቀን 1973 ነው። ሁለት ዓመት ተኩል ሳይሞላ፣ በጁን 5 ቀን 1975፣ የሌበር ፓርቲው ሃሮልድ ዊልሰን “እንቆይ ወይስ እንውጣ?” ብለው ሕዝቡን ጠየቁ። የጠየቁትም ፓርቲያቸው ለሁለት ተከፍሎባቸው ስለነበረ ነው። እሳቸውም እንደ ካሜሮን መጀመሪያ “ውሉን አሻሽያለሁ” አሉ፤ እሳቸውም ሚኒስትሮቻቸው በፈለጉት ወገን ቆመው እንዲቀሰቅሱ ፈቀዱ። ከመራጮቹ 67.2 በመቶ የሚሆኑት እንቆይ ስላሉ ዊልሰን ብልህ ተባሉ። ስለዚህ ለፓርቲ ሰላም ሲባል ሕዝበ ውሳኔ መጥራት የካሜሮን ፈጠራ አይደለም። ዊልሰን አሸነፉ፣ ካሜሮን ተሸነፉ፤ የታሪክ ፍርድ ደግሞ ብዙ ጊዜ ለአሸናፊ ያደላል።

ካሜሮን የፓርቲ መሪ እንደሆኑ በ2006 ዓባሎቻቸውን ስለ አውሮፓ መነታረክ እንዲያቆሙ መክረው ነበር። ምክሩን ግን ራሳቸውም አልጠበቁትም። በ2007 በሊዝበን ውል ላይ ሕዝበ ውሳኔ እንደሚያካሂዱ ጥብቅ ቃል ገቡ፤ ውሉ በሁሉም አገሮች ጸድቆ ሲያልቅ በ2009 ቃላቸውን አነሱ። በኦክቶበር 2011 ሕዝበ ውሳኔ ይጠራ በሚል ጥያቄ ላይ 81 የራሳቸው ፓርቲ እንደራሴዎች የፓርቲውን ትዕዛዝ ጥሰው ድምፅ ሰጡባቸው። ይህ ለአንድ ጠቅላይ ሚኒስትር ከባድ ማስጠንቀቂያ ነው። በጃንዋሪ 23 ቀን 2013 ለንደን በሚገኘው የብሉምበርግ ሕንፃ ባደረጉት ንግግር፣ ቀጣዩን ምርጫ ካሸነፍኩ ከአውሮፓ ጋር ተደራድሬ፣ ከዚያ እንቆይ ወይም እንውጣ የሚለውን ሕዝቡ ይወስናል ሲሉ ቃል ገቡ። በሚቀጥለው ዓመት በተደረገው የአውሮፓ ፓርላማ ምርጫ “እንውጣ” ባዩ ዩኪፕ በብሪታኒያ አንደኛ ወጣ።

ብዙ ተመልካቾች የሚሉትን ልጨምር። ካሜሮን ይህን ቃል ሲገቡ በጥምር መንግሥት ውስጥ ነበሩ። አጋራቸው የሊበራል ዴሞክራቶች ፓርቲ ሕዝበ ውሳኔውን አይቀበልም ነበር። ከ2015 ምርጫ በኋላም ጥምረቱ ይቀጥላል ተብሎ በሰፊው ስለተገመተ ቃሉ የሚፈጸም የማይመስላቸው ጥቂት አልነበሩም። በሜይ 2015 ግን ወግ አጥባቂው ፓርቲ 331 መቀመጫ አግኝቶ ብቻውን ሥልጣን ያዘ። ካሜሮን ከጠበቁት በላይ አሸነፉ፣ ድሉም የገዛ ቃላቸው ላይ ጣላቸው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን በአጭሩ ልለፈው። በፌብሩዋሪ 2016 ብራስልስ ላይ ተደራድረው፣ ከአውሮፓ ለሚመጡ ሠራተኞች የሚሰጠው ድጎማ ለሰባት ዓመት እንዲገደብና ብሪታኒያ ወደ ጠበቀ የፖለቲካ አንድነት የመሄድ ግዴታ እንዳይኖርባት የሚሉና ሌሎች ጥቂት ነጥቦችን ይዘው ተመለሱ። ጋዜጦቹ ተሳለቁባቸው። በ2010 ወደ አገሪቱ የሚገባውን የተጣራ የሰው ቁጥር በዓመት ወደ አሥር ሺዎች ዝቅ አደርጋለሁ ብለው ነበር፤ ድምፅ ሊሰጥ አራት ሳምንት ሲቀረው የ2015ቱ ቁጥር 333 ሺሕ ነው ተብሎ በመንግሥት ይፋ ሆነ። ስድስት ዓመት ሙሉ ጥፋቱን ሁሉ በብራስልስ ላይ ሲያሳብብ የኖረ መንግሥት በአራት ወር ውስጥ ብራስልስን ውደዱልኝ ቢል ማን ይሰማዋል?

በጁን 23 ቀን 2016 ከመራጩ 72.2 በመቶ የሚሆነው ወጥቶ 17,410,742 ሰው “እንውጣ”፣ 16,141,241 ሰው “እንቆይ” አለ። በመቶኛ 51.9 ለ48.1 መሆኑ ነው። እኛ አገሩን ሁሉ በጅምላ “እንግሊዝ” ማለት ለምዶብናል፤ በዚያን ዕለት ግን እንግሊዝና ዌልስ ወዲያ፣ ስኮትላንድና ሰሜን አየርላንድ ወዲህ ነበሩ። ስኮትላንድ 62 በመቶ፣ ሰሜን አየርላንድ ደግሞ 55.8 በመቶ መቆየትን ነበር የመረጡት።

አሁን ወደ ሕጉ እንግባ። ሕዝበ ውሳኔው የተካሄደው እ.ኤ.አ. በ2015 በወጣው የአውሮፓ ኅብረት ሕዝበ ውሳኔ አዋጅ ነው። አዋጁን ያነበበ ሰው ድምፁ መቼ እንደሚሰጥ፣ ማን እንደሚመርጥ፣ ወረቀቱ ላይ ምን እንደሚጻፍ፣ የቅስቀሳ ገንዘብ እንዴት እንደሚወሰን ያገኛል። ውጤቱ ምን እንደሚያስከትል ግን አንድም ድንጋጌ አያገኝም። የሚያስፈልገው አብላጫ ስንት እንደሆነ፣ መንግሥት በስንት ቀን ምን ማድረግ እንዳለበት፣ ምክር ቤቱ ምን ሥልጣን እንዳለው አዋጁ ዝም ብሏል።

ይህ የረቂቅ አዘጋጆች መርሳት ነው እንዳንል፣ የካሜሮን መንግሥት ራሱ ከአራት ዓመት በፊት ሌላ ሕዝበ ውሳኔ አካሂዷል። በሜይ 2011 የምርጫ ሥርዓቱ ይለወጥ ወይ ተብሎ ሕዝቡ ሲጠየቅ፣ በዚያ ዓመት የወጣው አዋጅ አብላጫው “ይለወጥ” ካለ ሚኒስትሩ አዲሱን ሥርዓት ሥራ ላይ የማዋል ግዴታ እንዳለበት በግልጽ ደንግጎ ነበር። ሕዝቡ በ67.9 በመቶ “አይለወጥ” ስላለ ነገሩ እዚያው ቀረ። የድምፅ አቆጣጠር ለመቀየር ውጤቱን የደነገገ መንግሥት ከአርባ ሦስት ዓመት ጋብቻ ለመፋታት ግን ምንም አልደነገገም!

ወደ ኋላም ሲኬድ ምሳሌ ነበር። በ1979 ለስኮትላንድ የራሷ ምክር ቤት ይሰጣት ወይ ተብሎ ሲጠየቅ፣ ከተመዘገበው መራጭ ቢያንስ 40 በመቶው ካልደገፈው አይጸናም የሚል ገደብ ነበረበት። ድምፅ ከሰጠው 51.6 በመቶ ቢደግፈውም ገደቡን ስላላለፈ ወደቀ። በ2016 “እንውጣ” ያለው ከ46.5 ሚሊዮን ተመዝጋቢ ወደ 37 በመቶ ገደማ ነው። በተመሳሳይ ገደብ ቢሆን ኖሮ አያልፍም ነበር። ገደብ መኖር ነበረበት ማለቴ አይደለም፤ የ40 በመቶው ገደብ ብዙ ቂም ትቶ ያለፈ ነገር ነው። ግን ሊታሰብበት፣ ክርክር ሊደረግበት ይገባ ነበር። በጁን 2015 የቀድሞው የስኮትላንድ መሪ አሌክስ ሳልመንድ፣ ከአራቱ አካላት እያንዳንዳቸው ካልተስማሙ አገሪቱ አትውጣ የሚል ማሻሻያ አቅርበው ነበር። የአውሮፓ ጉዳዮች ሚኒስትሩ ዴቪድ ሊዲንግተን የሰጡት መልስ፣ ሕዝበ ውሳኔው ምክር መጠየቂያ ስለሆነ እንዲህ ያለ ገደብ አያስፈልገውም የሚል መንፈስ ነበረው።

ምክር መጠየቂያ ነው ተባለ፤ መልካም። አሥር ወር አልፎ በኤፕሪል 2016 መንግሥት 9.3 ሚሊዮን ፓውንድ አውጥቶ ለ27 ሚሊዮን ቤቶች አንድ በራሪ ጽሑፍ ላከ። በውስጡም ውሳኔው የእናንተ ነው፣ እናንተ የወሰናችሁትን መንግሥት ይፈጽማል የሚል ቃል ነበረበት። እንግዲህ ለምክር ቤቱ “ምክር ነው” ተብሎ ገደቡ ቀረ፣ ለሕዝቡ “ውሳኔ ነው” ተብሎ ተስፋ ተሰጠው። በአንድ ጉዳይ ሁለት ችሎት ላይ ሁለት ዓይነት ቃል የሰጠ ምስክር ምን እንደሚባል የሕግ ባለሙያዎች ያውቁታል። ለእኔ ከካሜሮን ውርስ ውስጥ ትልቁ ነቀፋ ይህ ነው። ከዚያ በኋላ ለተነሳው የሦስት ዓመት ትርምስ መነሻው እዚህ ላይ ይገኛል።

በነገራችን ላይ ማን እንደመረጠም ማየት ደግ ነው። አዋጁ ድምፅ የሰጠው ለብሪታኒያ፣ ለአየርላንድና በብሪታኒያ ለሚኖሩ የኮመንዌልዝ አገሮች ዜጎች ነው። ለንደን የሚኖር ኬንያዊ ወይም ናይጄሪያዊ መምረጥ ይችላል። ሃያ ዓመት እዚያው የኖረና ግብር የከፈለ ጀርመናዊ ግን አይችልም። አገራችን የኮመንዌልዝ አባል ስላልሆነች፣ የብሪታኒያ ዜግነት ያልወሰደ ኢትዮጵያዊም ጎረቤቱ ኬንያዊ ወደ ምርጫ ጣቢያ ሲሄድ ቆሞ ተመልካች ነበር። የ16 እና የ17 ዓመት ልጆች በ2014ቱ የስኮትላንድ ሕዝበ ውሳኔ ድምፅ ሰጥተዋል፤ በዚህኛው ተከለከሉ።

ከጁን 23 በኋላ ያለው ደግሞ ከዚህ የባሰ ነው። መንግሥት “እንውጣ” የሚለው ቢያሸንፍ ምን ይደረጋል የሚል ዝግጅት እንዳይደረግ ለመሥሪያ ቤቶቹ ነግሮ ነበር፤ የገንዘብ ገበያውን ለማረጋጋት ከተደረገው ጥንቃቄ በስተቀር። የምክር ቤቱ የውጭ ጉዳይ ኮሚቴ በጁላይ 2016 ባወጣው ሪፖርት ይህንን “ከባድ ቸልተኝነት” ብሎታል። ቃሉ በሕግ ትምህርት ቤት የታወቀ ነው። ተራ ቸልተኛ አደጋው ያልታየው ሰው ነው፤ ከባድ ቸልተኛ ግን ማንም ሊያየው የሚችለውን አደጋ እያየ ደንታ ያልሰጠው ነው። የሕዝብ አስተያየት መለኪያዎች እኩል ለእኩል በሚያሳዩበት ጊዜ ለአንዱ ውጤት ብቻ መዘጋጀት ምን ሌላ ስም አለው?

ካሜሮን በፌብሩዋሪ ለምክር ቤቱ ሲናገሩ፣ ሕዝቡ እንውጣ ካለ በአንቀጽ 50 መሠረት የመውጫው ማስታወቂያ ወዲያው እንደሚሰጥ የሚያስገነዝብ ነገር ተናግረው ነበር። ቢሸነፉም በሥልጣን እንደሚቆዩም ተናግረዋል። ውጤቱ በታወቀ ማለዳ፣ ጁን 24፣ ከመኖሪያ ቤታቸው ደጃፍ ቆመው ሥልጣን እንደሚለቁና ማስታወቂያውን ለተተኪያቸው እንደሚተዉ አሳወቁ። ጁላይ 13 ወጡ። በምክር ቤቱ እቆያለሁ ያሉትንም በሴፕቴምበር 12 ትተው የዊትኒን መቀመጫ ለቀቁ። ጥያቄውን ያቀረቡት እሳቸው፣ መልሱን የተሸከሙት ሌሎች።

ባዶውን ቦታ ፍርድ ቤት ነው የሞላው። መንግሥት ያለ ምክር ቤቱ ፈቃድ ማስታወቂያውን መስጠት ይችላል ወይ የሚለው ክስ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ፣ በጃንዋሪ 24 ቀን 2017 ዳኞቹ 8 ለ3 በሆነ ድምፅ አይችልም፣ አዋጅ ያስፈልጋል ሲሉ ወሰኑ። ሕዝበ ውሳኔው ከፍ ያለ የፖለቲካ ክብደት አለው፤ ሕጋዊ ውጤቱ ግን ምክር ቤቱ ባወጣው አዋጅ ላይ ነው የሚመሠረተው፣ አዋጁ ደግሞ ውጤት አልሰጠውም አሉ። ሕጉን በትክክል ያነበቡት ዳኞች በመንገድ ላይ የሕዝብ ጠላት እስኪባሉ ድረስ ተሰደቡ። ሕዝቡም በራሪ ጽሑፉን አምኖ ነበርና ቁጣው ከመሬት የበቀለ አልነበረም። ሁለቱንም ወገን እውነተኛ አድርጎ ያጋጨው ያው የ2015ቱ ዝምታ ነው።

ከዚህ ላይ “መውጣት” የሚለው ቃል ራሱ ምን ማለት እንደሆነ አልተወሰነም ነበር። ከኅብረቱ ወጥቶ በጋራ ገበያው መቆየት ይቻላል፤ ኖርዌይ የኅብረቱ አባል ሳትሆን በዚያ ገበያ ውስጥ አለች። ቴሬዛ ሜይ በጃንዋሪ 2017 ከጋራ ገበያውም ከጉምሩክ ማኅበሩም እንወጣለን አሉ። ይህን ሕዝቡ አልተጠየቀም። አልተጠየቀም ብሎ የሚሞግታቸውም በሕግ የተጻፈ መሠረት አልነበረውም። አገሪቱ የወጣችው በጃንዋሪ 31 ቀን 2020፣ በሦስተኛው ጠቅላይ ሚኒስትር ነው።

እኛ ኢትዮጵያውያን ይህን ስናነብ አንድ ነገር ሊታወሰን ይገባል። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 39፣ የመገንጠል መብትን ወደዳችሁትም ጠላችሁትም፣ ሥነ ሥርዓቱን በዝርዝር አስቀምጧል። ጥያቄው በብሔሩ ምክር ቤት በሁለት ሦስተኛ ድምፅ መደገፍ አለበት፤ የፌዴራሉ መንግሥት በሦስት ዓመት ጊዜ ውስጥ ሕዝበ ውሳኔ ያዘጋጃል፤ አብላጫው ከደገፈው ሥልጣን ይተላለፋል፤ የሀብት ክፍፍሉም በሕግ ይፈጸማል። በዚህ አንቀጽ ላይ ብዙ የምለው አለኝ፣ ለሌላ ቀን ይቆየኝ። ግን መጀመሪያ ከተወካዮች ከፍ ያለ ድምፅ ይጠይቃል፣ ለዝግጅት ጊዜ ይሰጣል፣ ከድምፁ ማግስት ስለሚሆነውም ቢያንስ አንድ ሁለት መስመር ይናገራል። የምክር ቤቶች ሁሉ እናት የምትባለው አገር በ2015 ይህን ያህል እንኳ አልጻፈችም።

ለካሜሮን የሚቆሙትን ሰዎች ክርክር አሳንሼ ማቅረብ አልፈልግም፤ ጠንካራ ክርክር ነው። በ2016 ዕድሜው ከ58 ዓመት በታች የነበረ ብሪታኒያዊ ስለ አውሮፓ አንድም ጊዜ አልተጠየቀም። የገባበት ማኅበር ደግሞ በ1975 ከነበረው እጅግ ተለውጧል፤ በ1992 የተፈረመው የማስትሪክት ውል፣ በ2004 የተደረገው መስፋፋት፣ የሊዝበን ውል ሁሉም ያለ እሱ ድምፅ አለፉ። በ2004 ለስምንቱ የምሥራቅ አገሮች ሠራተኞች ያለ መሸጋገሪያ ገደብ በር የከፈቱት ቶኒ ብሌር ናቸው እንጂ ካሜሮን አይደሉም። በ2015 ዩኪፕ ወደ 3.9 ሚሊዮን ድምፅ አግኝቶ አንድ መቀመጫ ብቻ ነው የደረሰው፤ ይህን ያህል ሕዝብ ድምፅ አልባ አድርጎ ማቆየት እስከ መቼ ይቻላል? አዋጁም ቢሆን በሁለተኛው ንባብ 544 ለ53 ነው ያለፈው፤ ሌበርም ደግፎታል። ዝም ያለው አዋጅ የመላው ምክር ቤት ልጅ ነው።

እስማማለሁ። ለዚህም ነው “መጠየቅ አልነበረባቸውም” ከሚሉት ጋር የማልሰለፈው። ረቂቁን ያመጣው፣ ማሻሻያውን ያስጣለውና በራሪውን የላከው ግን የእሳቸው መንግሥት ነው፤ ዝግጅቱን የከለከለውም እንዲሁ።

የካሜሮን ዘመን አውሮፓ ብቻ እንዳልነበረም መጥቀስ ተገቢ ነው። ለእኛ ቅርብ ከሆኑት ሁለቱን ላንሳ። አንደኛው ዕርዳታ ነው። በቁጠባ ፖሊሲያቸው የአገራቸውን ማኅበራዊ በጀት እየቆረጡ፣ ለውጭ ዕርዳታ ግን ከአገራዊ ገቢያቸው 0.7 በመቶ እንዲመደብ ጠብቀው አቆዩት፤ በ2015ም በአዋጅ ጸና። በእነዚያ ዓመታት ኢትዮጵያ ከብሪታኒያ ከፍተኛውን ዕርዳታ ከሚያገኙ አገሮች አንዷ ነበረች። ገንዘቡ እንዴት ዋለ የሚለው ሌላ ክርክር ነው። በ2021 መንግሥት ወደ 0.5 በመቶ ሲያወርደው ካሜሮን በይፋ ከተቃወሙት አንዱ ናቸው።

ሁለተኛው ሊቢያ ነው። በ2011 ከፈረንሳይ ጋር ሆነው የጋዳፊን መንግሥት ለመጣል በተደረገው ዘመቻ ግንባር ቀደም ነበሩ። በሴፕቴምበር 2016 ያው የውጭ ጉዳይ ኮሚቴ፣ ከጋዳፊ በኋላ ወጥ ስትራቴጂ ላለመኖሩ የመጨረሻው ኃላፊነት የካሜሮን ነው ሲል ደመደመ። በኤፕሪል 2015 ራሱን እስላማዊ መንግሥት ብሎ የሚጠራው ቡድን በዚያች መንግሥት አልባ አገር ወገኖቻችንን አርዶና ተኩሶ ሲገድል በቪዲዮ ያየን ሰዎች፣ ገዳዮቹ እነማን እንደሆኑ አንስተውም። መንግሥት ያልነበረበትንም ምክንያት እናውቃለን። ሁለቱን ሪፖርቶች ጎን ለጎን ላነበበ ሰው አንዱ የሌላው ቅጂ ይመስላል፤ በሁለቱም ቦታ የጎደለው የማግስቱ ዕቅድ ነው።

ሰውየው ራሳቸው በ2019 ባሳተሙት ማስታወሻ በውጤቱ እንደሚያዝኑ፣ ሕዝበ ውሳኔውን በመጥራታቸው ግን እንደማይጸጸቱ ጽፈዋል። የእኔን ጥያቄ ይህ አይመልሰውም። የጠየቅሁት ስለ መጥራቱ አይደለምና።

ነገሩ ከእሳቸው ጋር አላለፈም። የስኮትላንድ መንግሥት ስለ ነፃነት ሁለተኛ ሕዝበ ውሳኔ ለማካሄድ ሲፈልግ፣ ጠበቆቹ ለጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ያቀረቡት ዋና ክርክር ሕዝበ ውሳኔው ምክር መጠየቂያ ብቻ ስለሆነ የለንደኑን ምክር ቤት ሥልጣን አይነካም የሚል ነበር፤ በ2015 የሊዲንግተን ክርክር የነበረው ማለት ነው። ፍርድ ቤቱ በኖቬምበር 23 ቀን 2022 በሙሉ ድምፅ አልተቀበለውም። በሕግ መሠረት የተካሄደ ሕዝበ ውሳኔ፣ ራሱ ምንም ባያስገድድም፣ ከባድ የፖለቲካ ውጤት አለው ሲል ወሰነ።